ሄድፎን ስንገዛ የማንን ጆሮ እንመን?



ውድ እህትና ወንድሞች፣ የጀመዓችን የድምፅ ክፍል የሚቀረጹትን ደርሶችና ሙሐደራዎች አጥርቶ የሚያዘጋጅበት አንድ ደህና ሄድፎን እንዲኖረው መዋጮ መጀመራችን ይታወቃል። ገንዘቡ እየሞላ ሲመጣ ክርክሩም አብሮ እየሞላ ነው። አንዱ ወገን «ባለሙያዎቹ በሙሉ ያመሰገኑት አለ፤ ሌላ ምን ያከራክራል?» ይላል። ሌላው ወገን «ገምጋሚ ሁሉ ተከፍሎት ነው የሚያወራው፤ ገበያ ወጥተን በዓይናችን አይተን እንግዛ» ይላል። እኛ ግን ሁለቱም ወገኖች ቸኩለዋል እንላለን።

የሚመሰገነው ዕቃ ሦስትና አራት መቶ ዶላር የሚያወጣ ነው። ከሐምሌ 2016 በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ የምንዛሪ ገበያው ከተለቀቀ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በመዋጮው ውስጥ ደግሞ ከወር ኪሱ ላይ ቆርሶ ያዋጣ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ብር አለበት። አማና ነው። ለራሱ ብቻ የሚገዛ ሰው በገምጋሚ ቃል ተማምኖ ቢሳሳት በራሱ ነው፤ በሰው ገንዘብ ግን «እንዲህ ተብሎ ነበር» ማለት መልስ አይሆንም። ስለዚህ አይተነው የማናውቅ፣ በሩቅ አገር ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሰው «ይሄኛው ይበልጣል» ሲለን ቃሉ ምን ያህል ሊመዝን ይገባል?

ስለ ባለሙያ ጆሮ ከተጠኑት ነገሮች ብዙዎቻችን የማንጠብቀው አለ። ፍሎይድ ቱል እና ሾን ኦሊቭ የተባሉ ሁለት የድምፅ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ባቀረቡት ጥናት 40 የድምፅ መሣሪያ ኩባንያ ሠራተኞችን ስፒከር አስደምጠው ነጥብ አሰጧቸው፤ አንድ ጊዜ ስፒከሮቹን እያዩ፣ ሌላ ጊዜ በመጋረጃ ተጋርደው። ስፒከሮቹ ያው ናቸው፣ ነጥቡ ግን ያው አልሆነም። እያዩ ሲያደምጡ ትልልቁና ውዱ ከፍ አለ፣ ትንሹና ርካሹ ዝቅ አለ። መጋረጃው ሲመጣ ልዩነቱ ጠበበ። እነዚህ ሰዎች ደግሞ ለድምፅ እንግዳ የሆኑ መንገደኞች አልነበሩም፤ እንጀራቸው ነው። ዓይን ለጆሮ እንደሚያቀብል እዚህ ላይ በቁጥር ታየ።

ኦሊቭ እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተመው ጥናት ደግሞ ወደ ጉዳያችን ይበልጥ ይቀርባል። 268 ሰዎች አራት ስፒከሮችን ሳያዩ አዳመጡ። ለዚሁ ሥራ የሠለጠኑ አድማጮች ነበሩበት፣ የድምፅ ዕቃ ሻጮች ነበሩበት፣ የመጽሔት ገምጋሚዎች፣ የሽያጭና የማስታወቂያ ሠራተኞች፣ የኮሌጅ ተማሪዎችም ነበሩበት። የተለካው ሰውዬው ያንኑ ስፒከር ደግሞ ሲሰማ ያንኑ ነጥብ ይሰጣል ወይ፣ ጥሩውን ከመጥፎው አጥርቶ ይለያል ወይ የሚለው ነው። የሠለጠኑት ሌላውን ሁሉ በብዙ እጥፍ በለጡ። በጽሑፋቸው የሚተዳደሩት ገምጋሚዎች ግን ከሻጮቹ በታች፣ ከማስታወቂያ ሠራተኞቹ ጎን ተገኙ። (መጨረሻ የወጡት ተማሪዎች ናቸው። ይህችን ዘለን ብናልፍ ደስ ባለን ነበር።) ገምጋሚዎቹ በቁጥር ጥቂት ስለነበሩ በዓለም ባለው ገምጋሚ ሁሉ ላይ መፍረድ አይገባም። ከዚያ ጥናት ግን ሁለት ነገር እንወስዳለን። አንደኛ፣ ስለ ድምፅ ብዙ መጻፍና ድምፅን መለየት መቻል ሁለት የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው። ሁለተኛ፣ በአማካይ ሲታይ ሁሉም ቡድኖች፣ ተማሪዎቹም ጭምር፣ ስፒከሮቹን የደረደሩት በተመሳሳይ ቅደም ተከተል ነው። ማለትም ጥሩ ድምፅ ለጥቂቶች ብቻ የተገለጠ ምስጢር አይደለም። ሥልጠናው የሚጨምረው እርግጠኝነትን እንጂ ሌላ ዓይነት ጆሮን አይደለም።

ስለ ዋጋም አንድ እንጨምር። ጄሮን ብሪባርት የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተመው ጽሑፍ የ283 ሄድፎኖችን የፍሪኩዌንሲ ምላሽ፣ ማለትም ወፍራሙን፣ መካከለኛውንና ቀጭኑን ድምፅ በምን ያህል መጠን እንደሚያወጡ፣ ከመሸጫ ዋጋቸው ጋር አስተያየ። ግንኙነት አላገኘም። ውድ ሄድፎን በጠንካራ ብረት የተሠራ፣ ለጆሮ የሚመች፣ መለዋወጫ የሚገኝለት ሊሆን ይችላል፤ የድምፁ ሚዛን ግን በዋጋው ልክ አይስተካከልም። ስለዚህ አንድ ገምጋሚ ዕቃዎችን ሲደረድር ደረጃው ሁልጊዜ ከዋጋው ጋር እኩል የሚወጣ ከሆነ፣ የጻፈው በጆሮው ነው ወይስ በዋጋ ዝርዝሩ ብለን መጠየቅ መብታችን ነው።

እዚህ ላይ መድረሳ የተቀመጠ ሁሉ የሚያውቀው መለኪያ አለ። ዑለሞቻችን የራዊን ቃል ሲመረምሩ ሁለት ነገር ይጠይቁ ነበር፤ ዐዳላ አለው ወይ፣ ዶብጥ አለው ወይ። ዐዳላው እውነተኛነቱ ነው፤ ዶብጡ የያዘውን በትክክል መያዙና በትክክል ማስተላለፉ። አንዱ ያለ ሌላው አይበቃም። ሷሊሕና እውነተኛ ሆኖ ሳለ በማስታወስ ድክመቱ ዘገባው የተዳከመበት ሰው ስንት ነው! የግብጹ ቃዲ ኢብኑ ለሂዓ የታወቀ ምሳሌ ነው፤ መጽሐፎቹ ከተቃጠሉ በኋላ ዘገባው እየተቀላቀለበት እንደመጣ ብዙ ዑለሞች ገልጸዋል፤ ስለዚህም ከእሱ የወሰደው ማን ነው፣ መቼ ነው የወሰደው እያሉ ይለያሉ። የዲን ጉዳይን ከዕቃ ግዢ ጋር እኩል ለማድረግ አይደለም፤ መመዘኛው ግን ለዕለት ኑሯችንም ይጠቅመናል።

በግቢያችን ያለው ክርክር ሁሉ በዐዳላው ላይ ነው። «ተከፍሎት ነው» «አልተከፈለውም» እንባባላለን። ስለ ዶብጡ የሚጠይቅ የለም። ገምጋሚው ስንት ዓመቱ ነው? የሰው ጆሮ በወጣትነት ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ይሰማል ይባላል፤ ዕድሜ ሲገፋ ከላይ ያለው እየተቆረጠ ይሄዳል። የስድሳ ዓመት ሰው ስለ ቀጭኑ ድምፅ «ለስላሳ ነው» ቢለን፣ ለእሱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለሃያ ዓመት ጆሮ ያው ድምፅ ሊወጋ ይችላል። ሁለት ሄድፎኖችን ሲያወዳድር የድምፃቸውን መጠን እኩል አድርጓል? በአንድ ዲሲቤል እንኳ ከፍ ያለው «የጠራ» መስሎ ይሰማል፤ ሰሚው ከፍ ማለቱን አያስተውልም። የትላንቱን ከዛሬው ጋር በትዝታ ነው የሚያወዳድረው ወይስ ጎን ለጎን አድርጎ? በአንድ ዕቃ ላይ ከሁለት ዓመት በኋላ ቢጠየቅ ያንኑ ይላል? እነዚህን የማይናገር ገምጋሚ ውሸታም ነው ማለታችን አይደለም። ዶብጡ አልታወቀም፤ ቃሉም በዚያው ልክ ይያዛል።

ዐዳላውንም አንተወውም። ነገሩ አዲስ አይደለም። ስቲሪዮፋይል የተባለው የአሜሪካ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1962 የተመሠረተው፣ ጎርደን ሆልት የተባለው ጸሐፊ አስተዋዋቂዎች በግምገማ ላይ ያላቸው ጫና አስመርሮት ከሌላ መጽሔት ከወጣ በኋላ ነው። ዛሬ ደግሞ ገምጋሚው ከጽሑፉ ሥር በሚያስቀምጠው የመግዣ መንገድ የገዛ ሰው ባለ ቁጥር ኮሚሽን የሚያገኝበት አሠራር ተስፋፍቷል። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ ጥቅም ያለው ሰው ጥቅሙን እንዲናገር ይጠበቅበታል። መናገሩ ጥሩ ነው። ክሪናክል በሚል ስም የሚታወቀው ገምጋሚ ከአምራቾች ጋር ሆኖ ኤርፎን ይሠራል፤ ስሙም በዕቃው ላይ ስለሚጻፍ ነገሩ ግልጽ ነው። ትሩዚር ከተባለ አምራች ጋር ያወጣው ዜሮ የተባለው ኤርፎን 50 ዶላር ገደማ ነበር፤ ብዙ እጥፍ ከሚያወጡት ጋር የሚነጻጸር ድምፅ አለው ብለው የመሰከሩለት ብዙ ናቸው። እንዲህ ያለው ሰው ስለ ሌሎች ዕቃዎች ያወጣውን የልኬት ሥዕል እንቀበላለን፤ የራሱን ዕቃ ሲያመሰግን ግን ቃሉን እንደ ሻጭ ቃል እንሰማለን። ይህ ለእሱ ንቀት አይደለም። አባት ለልጁ ዳኛ አይሆንም እንደማለት ነው።

ልኬቱን ለምን እንቀበላለን? ልኬት ሌላ ሰው ሊደግመው ይችላላ! የሰው ጆሮ ቅርጽ ባለው ሰው ሠራሽ ጭንቅላት ላይ ሄድፎኑ ይደረጋል፣ በጆሮው ውስጥ ባለው ማይክ ይለካል፤ አምስት ሰዎች በአምስት አገር ለክተው ተቀራራቢ ነገር ካገኙ ያ ከአንድ ሰው ሙገሳ ይበልጣል። ልኬትም ወሰን አለው። ከስምንትና አሥር ሺህ ኸርዝ በላይ ሄድፎኑ በጭንቅላቱ ላይ ጥቂት ወዲህ ወዲያ ሲል ሥዕሉ ይለዋወጣል፤ የእያንዳንዳችን የጆሮ ቅርጽም የተለያየ ነው። ስለዚህ በዚያ ክልል ላይ «ይቺ ጫፍ ከፍ አለች፣ ይቺ ዝቅ አለች» እያሉ የሚከራከሩትን ብዙ አንሰማቸውም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ገምጋሚው ስለ እኛ የማያውቀው ነገር አለ። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

እህቶቻችን ሄድፎን የሚያደርጉት ከሒጃብ በላይ ነው። ዝግ የሚባለው ሄድፎን ወፍራሙን ድምፅ በሙላት የሚያወጣው ትራሱ ጆሮን ዙሪያውን ሲገጥም ነው። መሐል ጨርቅ ሲገባ ክፍተት ይፈጠራል፣ ወፍራሙ ድምፅ ያመልጣል፤ ከጆሮው ፊት ያለው ጨርቅ ደግሞ ቀጭኑን ድምፅ ያፍነዋል። ወፍራም የመነጽር ዘንግም ከመጀመሪያው ጋር የሚቀራረብ ነገር ያደርጋል። በታወቁት ገምጋሚዎች ጽሑፍ ውስጥ መነጽር አልፎ አልፎ ይነሣል፤ ስለ ሒጃብ የጻፈ ግን እኛ አላጋጠመንም። በድምፅ ክፍላችን ከሚሠሩት ግማሾቹ እህቶች ናቸው። ለእነሱ የጆሮ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባ፣ ልኩ የተመረጠ ጎማ ያለው ኤርፎን ከብዙ ውድ ሄድፎን ሊበልጥ ይችላል፤ ምክንያቱም ከሒጃብ በታች ይገባል።

ዶርሙም አለ። በአንድ ክፍል ስድስትና ስምንት ሆነን ነው የምንኖረው። ገምጋሚዎች ሲያወድሱት የኖሩት ሰንሃይዘር ኤችዲ 600 እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ የሚሸጥ፣ በእውነትም የተከበረ ዕቃ ነው፤ ግን ክፍት ነው። የሚሰማው ሁሉ ወደ ውጭ ይወጣል፣ የውጩም ሁሉ ወደ ውስጥ ይገባል። ለፈተና የሚያጠና ጓደኛ አጠገብ ሆኖ ደርስ ማስተካከል አይቻልም፤ በረንዳ ላይ የሚጮኸውን ለመሸፈን ድምፁን ከፍ ማድረግ ደግሞ ለጆሮም ጉዳት ነው። ደግሞ 300 ኦም ነው። ኤሌክትሪካል ያላችሁ ታሰሉታላችሁ። አንድ ስልክ 1 ቮልት ቢሰጥ፣ ለ32 ኦም ሄድፎን 31 ሚሊዋት ገደማ ይደርሰዋል፣ ለ300 ኦሙ ግን 3.3 ብቻ። ስለዚህ ማጉያ ይፈልጋል፣ ማጉያውም ገንዘብ ይፈልጋል፣ መብራት ሲጠፋም ሌላ ጣጣ ነው። ገምጋሚው ጠረጴዛው ላይ ማጉያ ስላለው ይህን በአንድ መስመር ያልፈዋል።

የምንሰማውም የተለየ ነው። ገምጋሚዎች የሚፈትኑት በኦርኬስትራና በከበሮ ነው። በሙዚቃ ብይን ላይ እዚህ አንገባም፤ ጉዳያችን እኛ የምንሰማው ሰውን መሆኑ ነው። ቃሪእ፣ ኡስታዝ፣ ጥያቄ የሚጠይቅ ተማሪ። ለከበሮ ጥልቀት የተሰጠ አሥር ነጥብ ለዚህ ብዙ አይረዳም። የሷድንና የሲንን ልዩነት፣ ሀምሱን፣ ጉንናውን አጥርቶ ለመስማት ወሳኙ መካከለኛው ክልልና ከሱ በላይ ያለው ነው። የድሮ የስልክ መስመር ድምፅን ከ3,400 ኸርዝ በላይ ስለሚቆርጥ «ሰ» እና «ፈ» ይምታቱብን እንደነበረ አስቡ። እንደ ሸይኽ ማሕሙድ ኸሊል አል-ሑሰሪ ያሉት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተቀረጹ ሙረተሎችም የተቀረጹት በዘመኑ መሣሪያ ነው፤ በዝቅተኛ ጥራት ተጨምቀው ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፉትን ቅጂዎች ደግሞ የትኛውም ሄድፎን ወደ ነበሩበት አይመልሳቸውም። እንዲያውም በጣም ገላጭ የሆነው ሄድፎን የቅጂውን ጉድለት ነው አጉልቶ የሚያሰማው። ለሚያስተካክል ሰው ይህ ጥሩ ነው፤ ለሒፍዝ ለሚያዳምጥ ሰው ግን ያስቸግራል።

የመጨረሻው ገበያው ነው። ውጭ ያለ ገምጋሚ «ገዝታችሁ ሞክሩት፣ ካልተስማማችሁ መልሱት» ይላል። እኛ ጋ ደረሰኙ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተብሎ ተጽፏል። ይህች አንዲት መስመር ሒሳቡን ሁሉ ትለውጣለች። ለእሱ አንባቢ ግምገማው መነሻ ነው፤ ለእኛ መጨረሻው ውሳኔ ይሆናል፣ ያለ ቦታውም ክብደት ይሰጠዋል። ደግሞ የተመሰገነው ዕቃና በመደርደሪያ ላይ የተቀመጠው በስም ብቻ የሚገናኙበት ጊዜ ብዙ ነው። ኮፒው ከሳጥኑ እስከ ማኅተሙ ተመስሎ ይሠራል። በዓለም ላይ ያለው ግምገማ ሁሉ እውነት ቢሆን እንኳ ለኮፒው ምስክር አይሆንም። ሰነዱ እዚያ ላይ ይቆረጣል።

እንግዲህ «አይተን እንግዛ» ለሚሉት ወንድሞችም የምንለው አለን። አይታችሁ አይደለም፣ ሰምታችሁ! ያውም ሳታዩ። ዕቃውን ሱቅ ውስጥ ለሁለት ደቂቃ ሰምቶ መወሰን ከገምጋሚው የባሰ ነው፤ የሱቁ ጫጫታ አለ፣ የሻጩ ምላስ አለ፣ ያመጣው ዘፈን አለ፣ ብልጭልጩም አለ። ይዛችሁ መሄድ ያለባችሁ ደጋግማችሁ የምታውቁትን አንድ ቅጂ ነው፤ በደንብ የተቀረጸ የአንድ ኡስታዝ ድምፅ ይበቃል። የድምፁን መጠን እኩል አድርጉ። አንዱ ዓይኑን ይጨፍን፣ ሌላው ይቀያይርለት። ሦስት ጊዜ ተቀያይሮ ሦስቴም ያንኑ ከመረጠ ምርጫው ምርጫ ነው። አንዴ ይህን፣ አንዴ ያንን ካለ ልዩነቱ ለሥራችን የማይረባ ነውና ርካሹን ያዙ።

ከገምጋሚዎች የምንወስደው ስለዚህ ይህ ነው፤ የልኬት ሥዕላቸውን፣ ማጠፊያው በስንት ወር እንደሚሰበር፣ ሽቦው ይነቀላል ወይስ አብሮ የተሠራ ነው፣ ትራሱ ሲያረጅ ይቀየራል ወይ፣ ሁለት ሰዓት ሲደረግ ጭንቅላት ይጫናል ወይ የሚሉትን። በእነዚህ ላይ ሦስት አራት እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሰዎች ከተስማሙ እንቀበላለን። «ድምፁ እንደ ሐር ነው፣ አየር አለው፣ ነፍስ አለው» የሚለውን ለባለቤቱ እንተወዋለን። ሽቦ ተቀይሮ ድምፁ ተለወጠ የሚለውንም እንዲሁ፤ የሁለት ሜትር መዳብ ሽቦ ስንት ኦም እንደሆነ በላብራቶሪ ለክተነዋል።

በዚህ መሠረት ለሹራው የምናቀርበው ሐሳብ አራት መቶ ዶላሩ እንዲቀር ነው። ዝግ የሆነ፣ ሽቦ ያለው፣ ኢምፒዳንሱ ዝቅተኛ የሆነ፣ ሽቦውና ትራሱ የሚቀየር ከመቶ ዶላር በታች የሆነ አንድ ሄድፎን፣ ለእህቶች ደግሞ ሁለት ደህና ኤርፎኖች ይገዙ። የተረፈው ለማይክ ይሁን። ሙሐደራው የሚቀረጸው ከተናጋሪው አራት ሜትር ርቆ በተቀመጠ ስልክ ነው፤ የአዳራሹ ማስተጋባት ከቃሉ ጋር ተቀላቅሎ ይገባል። አንዴ ከገባ በኋላ ማንም ገምጋሚ ያመሰገነው ሄድፎን አይለየውም፤ ኮሌታ ላይ የሚሰካ ትንሽ ማይክ ግን ከመግባቱ በፊት ይቀንሰዋል። የሦስት ማይኮችን ዋጋ ጠይቀናል፤ ዝርዝሩ ከድምፅ ክፍሉ ተጠሪ ጋር አለ። የማይስማማ ካለ ከሐሙሱ ደርስ በኋላ ሄድፎኑን ይዞ ይምጣ፤ ዓይን መሸፈኛው ከእኛ።